ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ጥር ነው፤ ኤድመንተን። ብርዱ ሠላሳ አራት፣ ከዜሮ ወደ ታች፤
ወንዙ ነጭ ድንጋይ ሆኗል፤ ከተማዋ በሯን ዘግታ ተኝታለች።
እኔ አልተኛሁም።
መቶ አሥራ ስምንተኛ ጎዳና፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ሻዬ ቀዝቅዞ ከጎኔ፣
ጆሮዬን በሰዓት ለመንግሥት አከራያለሁ እኔ።

ሥራው ሲጀመር የተባለው ይህ ነበር፦
"በዚህ ብርድ አገር ሰው ብቻውን ሆኖ፣
በገዛ ቤቱ ውስጥ እንዳይቀር በድኖ።"
እናም በየጣሪያው፣ ከጭስ ጠቋሚው ጎን፣ እንደ አተር ፍሬ
ያለች ጆሮ ተተከለች፤ ለቃሚ ናት፣ ሳልም ወሬ፣
የቧንቧ ጠብታም ወሬ፣ የእንቅልፍ ልብ ንግግር፤
ለአማርኛ ተናጋሪው ስም አውጪላት ሲሉኝ፣ አልሸሽግም ነገር፣
"ጠያቂ" አልኳት።
የታመመ የሚጠይቅ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ የሚመጣ ዘመድ መስሎኝ።
ቃሉ ሌላ በር እንዳለው ረስቼ።
ወይም ሳልረሳው፤ የቤት ኪራይ ደርሶብኝ።

ብዙ ታውቃለች። የማታውቀው ድምፅ ሲያጋጥም
ወደ እኔ ትልካለች፤ እኔ እሰጠዋለሁ ስም።
"እንጃ"ን አስተማርኳት። "ይሁና"ን። "ምን ይደረጋል"ን፣
ሳይታይ፣ በድምፅ ብቻ፣ የሚሰበቅ ትከሻን፤
"ተወው" ሲባል መቼ ምሕረት፣ መቼ ዛቻ እንደነበረ፤
በዚህች ቃል ነው ደግአረገ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ከዝርዝሩ የሰፈረ።
የገዛ ሕንፃው በር "አላውቅህም" አለው፣ በዚያ ውርጭ፤
ጓንቱን አውልቆ አንኳኳ አሉ፣ እስኪነጋ፣ ከውጭ።
ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።
መዝገቡን አየሁት። "ትርጉም፦ ትክክል" ይላል።
ጉርሻም ሰጡኝ። ዋጥኩት።

ዛሬ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ አንድ ድምፅ መጣ፤
ግማሽ ሰኮንድ የማይሞላ፣ ከቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት የወጣ።
"ልጁ ደረሰ?" ትላለች ሴትዮዋ፣ ድምጿን ከሹክሹክታ አሳንሳ።
(ወደ ሰሜን ይሆናል፣ ጆሮ ወደማይበቅልበት፤ እኔ ምን አውቄ።)
ሽማግሌው አልመለሰም። አየር ሳበ፣
ባጭሩ፣ ጉሮሮው ጫፍ ላይ፣ ሊናገር ብሎ እንደረሳ።

ጠያቂዋ ግራ ገባት፣ መብራቷን ብልጭ አደረገች፤
"ሳል ነው? ድንጋጤ? የልብ ሕመም? አምቡላንስ ልላክ?" አለች።

እኔ ግን አወቅሁት።
አባቴ ጋዜጣ እያነበበ፣ ቀና ሳይል፣ የሚሰጠኝ መልስ ነው፤
ፊደል ያልተቀረጸለት ቃል፣ ትምህርት ቤት ያላስጠናው።
ሰው ሲናገር ትንፋሹን ወደ ውጭ ነው የሚሰደው፤
ይህኛው "አዎ"ን ከአየር ለቅሞ፣ ከሳንባው ሥር የሚቀብረው።

ባዶው ሳጥን ውስጥ ሰረዟ ትርገበገባለች፣ ጻፊ ትላለች፤
ጓንት ታየኝ፣ በረዶ ላይ የወደቀ፣ አንዲት ጓንት፣ ጣቶቿ እንደተከፈቱ።
ጻፍኩ፦ "የጉሮሮ መድረቅ። ብርድ። ችላ ይባል።"

ጠዋት ኮቫልቹክ ጠራችኝ። አለቃዬ ናት፤ ክፉ አይደለችም፤ አያቷ ከዩክሬን
ሲመጡ ስለ ጎረቤት ጆሮ ያወሩ ነበር፣ ነግራኛለች አንድ ቀን።
ዛሬ አላነሳችውም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።
ካልጋሪ ያለው፣ ቶሮንቶ ያለችው፣ ሃሊፋክስ ያለው፣
መልካቸውን አይቼ የማላውቅ፣ ስማቸው ቁጥር የሆነ፣
ያንኑ ድምፅ ሰምተው፣ ያንኑ ጽፈዋል፦
ብርድ።
ብርድ።
ብርድ።

"የናንተ ሰው እንዲህ ይበርደዋል?" አለች፣ ቀስ ብላ።
ጣሪያው ላይ አተሯ በራች።
"እርግጠኛ ነሽ? ሌላ ትርጉም የለውም?"

አየር ሳብኩ። ባጭሩ። ወደ ውስጥ።

ጠያቂዋ አላመነታችም፤ ካስተማርናት ሁሉ ይህን አጥብቃ ይዛለች፤
ከስሜ ትይዩ "ብርድ" ብላ መዘገበች።
ኮቫልቹክ ብዙ አየችኝ።
ከዚያ ተነሥታ ማሞቂያውን ከፍ አደረገችልኝ።